ባክቴሪያ በስሙ የተጠራለት ሐኪም

ሊስተሪንን ታውቁታላችሁ፤ ሱፐርማርኬት ውስጥ ከጥርስ ሳሙናው አጠገብ የሚደረደረው፣ አፍ የሚያቃጥለው መጉመጥመጫ። ስሙን ያገኘው ከአንድ ሰው ነው፤ ከእንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከጆሴፍ ሊስተር። ሰውዬው ግን መጉመጥመጫውን አልሠራውም። በ1879 አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ነው ቀምሞ በሱ ስም የጠራው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በስሙ የሚጠራ ሌላ ነገርም አለ፣ እሱን ግን መደርደሪያ ላይ አታገኙትም። ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ብዙ ባክቴሪያ ቅዝቃዜ ሲያገኘው መራባቱን ያቆማል ወይም ያዘገያል፤ ይሄኛው ግን ፍሪጅ ውስጥም ይራባል። ጤነኛ ሰው ሆዱን ትንሽ ቢያመው ነው፣ ብዙ ጊዜም ሳይታወቀው ያልፋል። ሳንባ የተተካለት ሰው ላይ ግን ደም ውስጥ ገብቶ እስከ አንጎል ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ነው እንዲህ ዓይነት ታካሚዎች ከሆስፒታል ሲወጡ ያልፈላ ወተትና ከሱ የተሠራ ለስላሳ አይብ አትንኩ የሚባሉት።

አስቡት እንግዲህ። ዕድሜውን ሙሉ ባክቴሪያ ከሰው ቁስል እንዲርቅ የታገለ ሰው፣ ስሙ ለአንድ አደገኛ ባክቴሪያ ተሰጠ። ክብር ለመስጠት ታስቦ ነው እንጂ በክፋት አይደለም። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ሳቅ ይመጣብኛል።

ወደ ሰውዬው እንሂድ።

ሊስተር የተወለደው ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ በ1827 ነው፤ ያን ጊዜ ለንደን አጠገብ መንደር በነበረችው አፕተን። ቤተሰቡ ኩዌከር የሚባሉ፣ ኑሯቸው ቁጥብ የሆነ ክርስቲያኖች ናቸው። አባቱ የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበር፣ ግን ልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በትርፍ ጊዜው የማይክሮስኮፕ ሌንስ ሲያሻሽል ይውላል። በዚያ ዘመን ማይክሮስኮፕ ውስጥ የሚታየው ነገር ሁሉ ዳር ዳሩ በቀለም ይበላሽ ነበር፤ ይህን ጣጣ ካስተካከሉት ሰዎች አንዱ ይሄ ነጋዴ አባት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ የታላቁ የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆኗል።

ይህን ዝም ብዬ አላነሳሁትም። ልጁ ያደገው ዓይን የማያየውን ነገር ማየት የቤት ጨዋታ በሆነበት ቤት ነው። በኋላ ሌሎች ሐኪሞች የማይታይ ነገር እንዴት ሰው ይገድላል ብለው ሲስቁበት፣ እሱ ያልሳቀው ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ኦክስፎርድና ካምብሪጅ የዚያን ጊዜ ለኩዌከሮች በራቸው ዝግ ነበር። ስለዚህ የተማረው ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። መንገዱም አልጋ በአልጋ አልነበረም። በልጅነቱ ይንተባተብ ነበር። ተማሪ ሳለ ፈንጣጣ ያዘው፣ ከዚያ አእምሮው ተጨንቆ ትምህርቱን አቋርጦ ነበር። ተመልሶ በ1852 በሕክምና ተመረቀ። በዓመቱ ወደ ኤድንብራ፣ ስኮትላንድ ሄደ፤ ጄምስ ሳይም የሚባል ዝነኛ ቀዳጅ ሐኪም ሥራውን ሊያይ። ለአጭር ጊዜ ብሎ ሄዶ እዚያው ቀረ። የቀረበት አንዱ ምክንያት የሳይም ልጅ አግነስ ናት። በ1856 ተጋቡ። ኩዌከር ያልሆነች ሴት ለማግባት ሲል ያደገበትን ማኅበር ተወ። የጫጉላ ጊዜያቸውን ደግሞ በምን አሳለፉት መሰላችሁ? አውሮፓ ውስጥ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ሆስፒታል ሲጎበኙ! ልጅ አልወለዱም። አግነስ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የሙከራ ማስታወሻውን ስትጽፍለት፣ ላቦራቶሪ ውስጥ አብራው ስትሠራ ኖራለች። ስለ ሊስተር ሲወራ የሷ ድርሻ እንደዋዛ ይታለፋል፤ እዚህ ግን አንረሳትም።

በ1860 ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር አደረገው፤ በዓመቱም በከተማው ትልቅ ሆስፒታል፣ በሮያል ኢንፈርመሪ ሥራ ጀመረ።

የዚያን ጊዜ ሆስፒታል ምን ይመስል እንደነበር ካላወቅን የሚቀጥለው ነገር አይገባንም። ማደንዘዣ ከተገኘ ገና ጥቂት ዓመታት ነው። ከዚያ በፊት ታካሚው እየጮኸ ስለነበር ሐኪሙ በደቂቃዎች ውስጥ ቆርጦ መጨረስ ነበረበት። ማደንዘዣ ሲመጣ ቀዶ ሕክምና ረጋ አለ፣ ብዛቱም ጨመረ። የሟቹም ቁጥር አብሮ ቀጠለ። ሰው ቢላዋው ስር አይሞትም፤ ቀዶ ሕክምናው ያምርና በሦስተኛው፣ በአምስተኛው ቀን ቁስሉ ይቀላል፣ ይሸታል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ ከዚያ በቃ።

ሐኪሞቹ የሚለብሱት ኮት የደረቀ ደምና መግል አክርሮት የቆመ ነበር፤ የቆሸሸ ኮት የልምድ ምልክት ነው፣ ያሳፍር የነበረው ንጹሑ ነው። አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ ታካሚ ይሄዳሉ። ቁስል መግል ሲይዝ ደግሞ አይደነግጡም፤ ወፈር ያለ ነጭ መግል የመዳን ምልክት ነው ብለው ያምኑ ነበር። የበሽታው ምንጭ ምንድን ነው ሲባል ደግሞ መልሳቸው መጥፎ አየር ነው። የሊስተር ክፍል ራሱ ከመቃብር አጠገብ ነበር፤ ከግድግዳው ውጪ በ1849ኙ ኮሌራ የሞቱ ሰዎች ሬሳ ሣጥን ከመሬቱ ብዙም ሳይርቅ ተደራርቦ ተቀብሮ ነበር። ስለዚህ አየሩ ነው ቢሉ አይገርምም።

ሊስተር ራሱ የያዘው ቁጥር አለ። በ1864 እና በ1866 እሱ ጋ እጃቸው ወይም እግራቸው ከተቆረጠ 35 ሰዎች 16ቱ ሞተዋል። ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው።

በ1865 የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበረው ባልደረባው ቶማስ አንደርሰን ሉዊ ፓስተር የሚባል ፈረንሳዊ የጻፈውን እንዲያነብ ነገረው። ፓስተር ሐኪም አይደለም፤ ኬሚስት ነው። ያጠናው ወተትና የወይን ጠጅ ለምን እንደሚበላሽ ነው። ያገኘውም የሚያበላሸው አየሩ ራሱ ሳይሆን አየሩ ተሸክሞት የሚመጣ ሕይወት ያለው ጥቃቅን ነገር መሆኑን ነው። ሊስተር ይህን አንብቦ አላቆመም፤ ሙከራውን ራሱ ደገመው። አንገታቸው እንደ ዳክዬ በተቆለመመ ብርጭቆዎች ውስጥ ሽንት አፍልቶ አስቀመጠ። አየር ይገባል፣ አቧራው ግን ቆልማማው ላይ ይቀራል። ሽንቱም ሳይበላሽ ቆየ። ኤድንብራ ሲዛወር እነዚህን ብርጭቆዎች ይዟቸው ነው የሄደው። ለዓመታት ጠብቋቸዋል።

ከዚያ ነገሩን አገናኘው። ወይን ጠጅ የሚያበላሸው ነገር ቁስልንም ያበላሽ ይሆናል። ፓስተር ጀርም በማፍላት ይገድላል፤ ሰውን ግን ማፍላት አይቻልም። በኬሚካል መሆን አለበት ማለት ነው። የትኛው? ካርላይል የምትባል ከተማ ለፍሳሽ ቆሻሻዋ ካርቦሊክ አሲድ ስትጠቀም ሽታው ጠፍቶ፣ በዚያ ፍሳሽ በሚጠጣው መስክ የሚግጡት ከብቶችም መታመም አቁመው ነበር። ሊስተር ይሄን ሰማ። ለፍሳሽ የሚሆን ነገር በሰው ቁስል ላይ ሊሞክር ነው እንግዲህ።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ሁለተኛው የሆነው ነሐሴ 12 ቀን 1865 ነው። የ11 ዓመት ልጅ የጋሪ ጎማ እግሩ ላይ ሄዶበት መጣ። አጥንቱ ተሰብሯል፣ ቆዳውም ተቀዷል። የቆዳ መቀደድ ያለበት ስብራት በዚያ ዘመን ማለት ወይ እግር ይቆረጣል ወይ ሰው ይሞታል። ሊስተር ቁስሉን በካርቦሊክ አሲድ ጠረገው፣ በዚያው አሲድ የተነከረ ጨርቅ አኖረበት፣ በላዩ ስስ የቆርቆሮ ልባጥ ሸፈነበት። አራት ቀን ጠበቀ። እንግዲህ እነዚያን አራት ቀናት አስቧቸው። በአራተኛው ቀን ሲከፈት ሽታ የለም፣ መግል የለም። ቆዳው በአሲዱ ትንሽ ተቆጥቷል፣ ያ ብቻ። ከስድስት ሳምንት በኋላ አጥንቱ ገጥሞ ልጁ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሊስተር ዋው ብሎ ለጋዜጣ አልሮጠም። ሁለት ዓመት ገደማ ታካሚ በታካሚ እየሞከረ፣ አሲዱን በተልባ ዘይት እያቀጠነ ጠበቀ። በ1867 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የ11 ሰዎችን ታሪክ አወጣ፤ 9ኙ ሳይቆረጥባቸው ድነዋል፣ አንዱ ተቆርጦበታል፣ አንዱ ሞቷል።

እዚያው ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ እህቱ ኢዛቤላ ጡቷ ላይ ካንሰር ይዛ መጣች። ሌሎች ሐኪሞች አይሆንም ብለዋታል። የዚያን ጊዜ ጡትን ከነሥሩ ማውጣት ማለት ሰፊ ቁስል ትቶ ለኢንፌክሽን አሳልፎ መስጠት ነበር። ሊስተር አማቱን አማከረ፣ በአስከሬን ላይ ተለማመደ፣ ከዚያ እህቱን በገዛ ቤቱ ቀዶ ሕክምና አደረገላት። ቁስሏ ሳያመግል ዳነ። ካንሰሩ በኋላ ተመልሶ ገድሏታል፤ በመሃል ግን ሦስት ዓመት ኖራለች። አንድ ሰው ሐሳቡን ምን ያህል እንደሚያምንበት ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

ቁጥሩም ተለወጠ። ከ1867 እስከ 1869 ከቆረጣቸው 40 ሰዎች የሞቱት 6 ናቸው።

ታዲያ ሁሉም ተቀበለው? የት! አሲዱ ድሮም የታወቀ ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለው ያሉ አሉ። ጀርም የሚባል ነገር የለም ያሉም አሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ አሲዱን ያለ ሐሳቡ ወሰዱት፤ ቁስሉ ላይ ጠብ አድርገው በቆሸሸ እጃቸው ይነካኩታል፣ ከዚያ አልሠራም ይላሉ። ለኔ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። የሊስተር ግኝት አሲዱ አይደለም። ግኝቱ ሰንሰለቱ ነው፤ እጅ፣ ቢላዋ፣ ክር፣ ፋሻ፣ ቁስሉን የሚነካ ማንኛውም ነገር ቀድሞ ይጸዳል፣ ከዚያም ቁስሉ እስኪድን በሩ ዝግ ይሆናል። አንዷ ቀለበት ከተበጠሰች ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ጀርመኖች ቶሎ ገባቸው። ሙኒክ ውስጥ አብዛኛውን ቁስለኛ ይይዝ የነበረው የሆስፒታል ጋንግሪን የሱን ዘዴ ሲጀምሩ ጠፋ። አሜሪካ ላይ ግን በ1876 ፊላደልፊያ ድረስ ሄዶ ቢያስረዳም ብዙዎቹ አልሰሙትም። አምስት ዓመት ቆይቶ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ተመታ። ሐኪሞቹ ጥይቱን ፍለጋ ባልታጠበ ጣታቸው ቁስሉን ደጋግመው ቆፈሩት። ሰውዬው ከሁለት ወር ተኩል ስቃይ በኋላ፣ ውስጡ መግል ሞልቶ ሞተ።

እንግሊዝ ውስጥ ስሙን ያገነነው የንግሥት ቪክቶሪያ ብብት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በ1871 ባልሞራል ቤተ መንግሥት እያለች ብብቷ ስር ትልቅ መግል የቋጠረ እባጭ ወጣባት። ሊስተር ተጠርቶ ከፈተው። በዚያን ጊዜ አዲስ መሣሪያ ነበረው፤ ካርቦሊክ አሲድ እንደ ጉም አየር ላይ የሚረጭ ፓምፕ። ፓምፑን የያዘው የንግሥቲቱ ሐኪም ሳት ብሎት ፊቷ ላይ ረጨባት ይባላል። ብቻ ዳነች። በ1877 ወደ ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተዛወረ፣ እዚያም የተሰበረ የጉልበት ሎሚ ከፍቶ በሽቦ አሰረ። ያልተቀደደን ቆዳ ፈልጎ መቅደድ በዚያ ዘመን እንደ ነፍስ ግድያ የሚታይ ድፍረት ነው። ታካሚው ቀጥ ብሎ ሄደ።

ያ የጉም ፓምፕ ግን ብዙ አልቆየም። የሐኪሙንም የታካሚውንም ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ሌሎች ሲያጠኑት ደግሞ ለቁስል ዋናው ጠላት አየር ላይ ያለው ጀርም ሳይሆን እጅና መሣሪያ ላይ ያለው መሆኑ ታወቀ። ሊስተር በ1890 በርሊን ላይ፣ የዓለም ሐኪሞች በተሰበሰቡበት፣ ፓምፑን መተዉንና ድሮውንም መምከሩ እንደሚያሳፍረው ተናገረ። ስንት ፕሮፌሰር ነው እንዲህ የሚያደርገው?

በ1893 ጸደይ ላይ ሊስተርና አግነስ እንደ ልማዳቸው ለእረፍት ጣሊያን ሄዱ። ራፓሎ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አግነስ ታመመች። ሳንባ ምች ነው። በአራት ቀን ውስጥ ሞተች።

ሊስተር አጠገቧ ነው። በዓለም ላይ ስለ ኢንፌክሽን ከሱ የተሻለ የሚያውቅ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነው፤ ማድረግ የሚችለው ግን አልነበረም። ቁስል በር አለው፤ ታጥቦ ይዘጋል። ሳንባ በር የለውም። በቀን ወደ 20 ሺህ ጊዜ ገደማ ከውጭ አየር ያስገባል፣ አሲድ የነከረ ጨርቅም አይደረግበትም። አንቲባዮቲክ ሊመጣ ገና አሥርት ዓመታት ይቀሩታል። በነገራችን ላይ ሊስተር ራሱ በ1871 አንድ ሻጋታ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ባክቴሪያ በደንብ እንደማይራባ ታዝቦ ነበር፤ የፔኒሲሊን ዘመድ የሆነ ሻጋታ። ነገሩን ግን ከዳር አላደረሰውም።

እዚህ ጋ ትንሽ ወደ ፊት ልውሰዳችሁ፣ ምክንያቱም ሊስተር ያልደረሰበት በር ላይ የቆሙት ሳንባ የሚተኩ ሐኪሞች ናቸው።

በ1963 አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ጄምስ ሃርዲ የመጀመሪያውን የሰው ሳንባ ንቅለ ተከላ አደረገ። ታካሚው 18 ቀን ኖረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት 20 ዓመታት ወደ 40 ገደማ ሙከራ ተደርጎ ለዓመት እንኳ የደረሰ አልነበረም። የተሻለ ውጤት የመጣው በ1983 ቶሮንቶ ላይ ነው። ሌላው አካል ሲተካ ቁስሉ ከተሰፋ በኋላ ውስጡ ይዘጋል፤ የተተካ ልብ ከውጭ አየር ጋር አይገናኝም። ሳንባ ግን ገና ከተሰፋበት ሰዓት ጀምሮ ይተነፍሳል። የአየር ቧንቧው የተሰፋበት ቦታ ደግሞ የደም አቅርቦቱ ደካማ ስለሆነ ለመዳን ይቸገራል። እዚያ ላይ ባክቴሪያ ካረፈ ስፌቱ ሊከፈት ይችላል።

በዚያ ላይ የሳንባው ነርቮች ሲቆረጡ አዲሱ ሳንባ ስሜት የለውም። እኔና እናንተ ትንሽ አክታ ቧንቧችን ውስጥ ስትገባ ሳናስበው እንስላለን። የተተካለት ሰው ከስፌቱ በታች ያለው አይሰማውም፣ ስለዚህ ባይፈልግም አስቦ መሳል፣ ቶሎ ተነስቶ መራመድ አለበት። ሌላው ደግሞ መድኃኒቱ ነው። ሰውነት አዲሱን ሳንባ እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃው የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። መከላከያው ሲዳከም ለባክቴሪያም በሩ ይከፈታል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ምልክቱም መደበቁ ነው፤ ትኩሳቱ ዝቅ ሊል ወይም ጨርሶ ላይታይ ይችላል። በሊስተር ዘመን የነበሩት ሐኪሞች ምልክቱ ዓይናቸው ስር እያለ መዳን ነው ብለው ያልፉት ነበር። አሁን ያሉት ደግሞ የማይታይ ምልክት ይፈልጋሉ። ለዚህ ነው ታካሚዎቹ ቤታቸው በትንሽ መሣሪያ በየቀኑ እየነፉ የትንፋሻቸውን መጠን የሚመዘግቡት። ቁጥሩ ቀነስ ካለ ትኩሳት ሳይጠበቅ ይደወላል።

መከላከያው ታዲያ ምንድን ነው ካላችሁ፣ ያው ሰንሰለት ነው፣ የረዘመ። ገና ከቀዶ ሕክምናው በፊት የታካሚው ጥርስ ይታያል፣ ክትባቱ ይሟላል፤ ምክንያቱም ከተተካለት በኋላ ሕያው ተህዋሲ ያለባቸው ክትባቶች አይሰጡትም፣ ሌሎቹም ቢሆኑ በደከመ መከላከያ ላይ ያን ያህል አይሠሩም። ከለጋሹ ሳንባ ናሙና ተወስዶ ምን ዓይነት ባክቴሪያ ይዞ እንደመጣ ይመረመራል። ተቀባዩም ቀድሞ የያዘው ባክቴሪያ ካለ ይታወቃል፤ አንቲባዮቲኩ የሚመረጠው ሁለቱን አይቶ ነው፣ የሚጀመረውም ኢንፌክሽኑ ሳይመጣ ነው። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል በዘር የሚመጣ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ሳንባቸው ብዙ ጊዜ ሱዶሞናስ በሚባል ግትር ባክቴሪያ የተሞላ ነው። ለነሱ አንድ ሳንባ ብቻ ተክቶ መተው አይቻልም፤ የቀረው አሮጌ ሳንባ አዲሱን ይበክለዋል። ሁለቱም ይወጣሉ። እንደዚያም ሆኖ ባክቴሪያው ከአፍንጫ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ተደብቆ ቆይቶ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል፤ አንዳንድ ሆስፒታሎች ወደ ሳንባ የሚሳብ አንቲባዮቲክ የሚሰጡት ለዚህ ነው።

አያችሁ፣ የሊስተር ጉም ፓምፕ እንኳ በሌላ መልክ የተመለሰ ይመስላል። እሱ መድኃኒቱን አየር ላይ ረጨው፣ ለቁስል አልሆነም። እነዚህ ደግሞ በጉም መልክ ወደ ሳንባ ያስገቡታል። የአየር ነገር ለቁስል ያን ያህል ባያሳስብም ለሳንባ ግን ዋናው መንገድ ነው፤ ማስክ፣ ጉንፋን ከያዘው ሰው መራቅ፣ አቧራ ካለበት ቦታ አለመቆየት የሚባለው ከዚህ ነው። እጅ መታጠቡማ እንዳለ ነው። ሳንባ የተተካለትን ሰው ልትጠይቁ ከሄዳችሁ በር ላይ እጃችሁን እንድታጸዱ ሲጠይቋችሁ ቅር አይበላችሁ፤ ያመማችሁ ከመሰላችሁም ደውላችሁ ጠይቁት እንጂ አትሂዱ።

የሊስቴሪያውንም ነገር ልጨርሰው። ስሙ ለባክቴሪያው የጸናው በ1940 ነው፣ ሊስተር ከሞተ ከ28 ዓመት በኋላ። ብዙ ሳንባ የተተካላቸው ሰዎች ኮትራይሞክሳዞል የሚባል ኪኒን ለረጅም ጊዜ ይወስዳሉ። በዋናነት የሚሰጠው ኒሞሲስቲስ የሚባል የሳንባ ፈንገስ እንዳይዛቸው ነው፤ ሊስቴሪያንም ጭምር ይከላከላል። አይቡን መተው ግን አይቀርም።

አግነስ ከሞተች በኋላ ሊስተር ሕክምናውን ተወ። ምርምሩም ቀዘቀዘ። ማስታወሻ የምትጽፍለት፣ ማታ ማታ አብራው ማይክሮስኮፕ ላይ የምትቀመጠው ሰው የለችም። ክብሩ ግን ከዚያ በኋላ ነው የጎረፈው። ከ1895 እስከ 1900 አባቱ አባል የነበረበትን የሳይንስ ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መራ። በ1897 ጌታ ተብሎ የእንግሊዝ መኳንንት ምክር ቤት ገባ፤ ለዚህ የበቃ የመጀመሪያው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው።

በ1902 ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሊጭን ሁለት ቀን ሲቀረው ትርፍ አንጀቱ አመገለ። ቢላዋውን የያዘው ሌላ ሐኪም ነው፤ ከአማካሪዎቹ አንዱ ግን የ75 ዓመቱ ሊስተር ነበር። ንጉሡ ዳነ፣ ዘውዱንም በነሐሴ ጫነ። ሠላሳ ዓመት ቀድሞ ቢሆን ማንም ያንን ሆድ ለመክፈት ባልደፈረ ነበር።

የመጨረሻ ዓመታቱን ዎልመር በምትባል የባሕር ዳር መንደር አሳለፈ። ዓይኑም ጆሮውም ደክሞ ነበር። የካቲት 10 ቀን 1912 እዚያው ሞተ። ብዙ የእንግሊዝ ንጉሦችና ታላላቅ ሰዎች በተቀበሩበት በዌስትሚኒስተር አቢ ቦታ ተሰጥቶት ነበር። የስንብት ጸሎቱ እዚያ ተደረገለት። እሱ ግን አስቀድሞ ቦታውን ተናግሮ ስለነበር፣ ሬሳው ለንደን ዌስት ሃምፕስቴድ ወደሚገኝ መቃብር ተወስዶ ከአግነስ ጎን ተቀበረ።